ሥራ የፈታች ግራ እግር

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ብዙ ነገር ያጣል። ገንዘብ ያጣል፣ ነዳጅ ያጣል፣ ማቆሚያ ያጣል። ምክር ግን አያጣም፤ ሳይጠራው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። «ያገለገለች ትንሽ መኪና ልገዛ ነው» ብዬ ለአንድ ወዳጄ ሹክ ባልኩ በሳምንቱ የዕድራችን ጸሐፊ፣ የልጄ አስጠኚ፣ ጥርሴን የሚሞላልኝ ሐኪም ሳይቀር አስተያየታቸውን ሰጡኝ። ከሐኪሙ ጋር መከራከር እንኳ አልቻልኩም፤ አፌ በጥጥ ተሞልቶ ነበር። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ጥያቄ ነው። «ማኑዋል ናት አውቶማቲክ?» ስለ ሞተሯም ስለ ፍሬኗም የጠየቀኝ የለም። ምርመራው የተከፈተው በእኔ ሾፌርነት ላይ ነበር።

ከመርማሪዎቹ ሁሉ የሚከፉት አጎቴ ናቸው። ቤተ ዘመዱ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን በተሳቢ ስንዴና ማዳበሪያ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም አሮጌ ላዳቸውን በየጠዋቱ የሚወለውሉ ሰው ናቸው። እሳቸው መንዳት በጀመሩበት ጊዜ የነበረው የጭነት መኪና ካምቢዮ እንደ ዛሬው በሁለት ጣት የሚገፋ አልነበረም። ፍሪሲዮን ረግጠህ ማርሹን ፎሌ ታደርጋለህ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀህ ነዳጅ ትሰጣለህ፤ የሞተሩ ዙር ከካምቢዮው ዙር ጋር መመሳሰሉን በጆሮህ ትሰማለህ፤ ከዚያ እንደገና ረግጠህ ታስገባለህ። ያልተመሳሰለ እንደሆነ ጥርሶቹ ይንጫጫሉ፣ ማርሹ አልገባም ይላል፣ መኪናው ፎሌ ላይ ይቀራል። ይህ የሆነው ቁልቁለት ላይ ከሆነ ወሬው ለሚስት የሚደርሰው በሌላ ሰው አፍ ነው።

ስለዚህ የጋሼ ፍርድ አጭር ነው። «አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ሾፌር አይባልም። መሪ የያዘ ተሳፋሪ ነው።»

ይህን ሲናገሩ ግራ ጉልበታቸውን እያሹ ነው። ደረጃ ሲወጡ ያቺ ጉልበት ትንቋቋለች። በአንድ ወቅት «ይሄ የፍሪሲዮን ውጤት ነው» ያላቸው ሐኪም ስሙ እኛ ቤት እስከ ዛሬ አይነሳም።

ጋሼ አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ጃፓን አገር ባሕር ዳር 70 የፈረስ ጉልበት የነበረው የቪትዝ ሞተር ፒያሳ ሲደርስ አሥራ ምናምኑን ፈረስ መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለውን ትንሽ ሞተር ከድሮ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ጋር አጋብተህ ከቀበና ወደ ላይ ስታወጣው፣ ካምቢዮው ሁለተኛ ይሻላል ሦስተኛ ይሻላል እያለ ሲያመነታ ዳገቱ ያልቃል። ማኑዋል የያዘ ሰው ግን ዳገቱን ገና ከሩቅ ሲያየው ወስኖ ይጨርሳል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ አውቶማቲክ ገዛሁ። ምክንያቱ ደላላው ነው።

ደላላው መጀመሪያ ማኑዋል ኮሮላ አሳየን። ባለቤቴ ሞተሯን ሰምታ «ታጨሳለች» አለች። ከዚያ ግራጫ ቪትዝ ጋ ወሰደንና በሩን ከፍቶ፣ ወደ እኔ ብቻ እያየ፣ «ይቺ ደግሞ አውቶማቲክ ናት፤ ለእመቤቲቱ ትሆናለች። የሴት መኪና ናት፤ ዝም ብሎ መርገጥ ነው» አለኝ። ባለቤቴ የታሪክ መምህርት ናት፤ ይህን ዓይነት ነገር ደላላም ቢናገረው አታልፍም። እዚያው ኮፈኑ ላይ ተደግፋ ትምህርቱን ጀመረች። በ1888 እ.ኤ.አ. ቤርታ ቤንዝ የምትባል ጀርመናዊት ባሏ ካርል ቤንዝ የሠራውን ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሳታስፈቅደው አስነስታ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ጭና ከማንሃይም እስከ ፎርዝሃይም 106 ኪሎ ሜትር ነዳች። ከዚያ በፊት በመኪና እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ የሄደ ወንድ የለም። ዳገት ላይ ጉልበት ሲያንሳት ልጆቹ ወርደው ገፉ። ቁልቁለት ላይ የእንጨቱ ፍሬን ሲያልቅባት ጫማ ሰፊ ጠርታ ቆዳ አስመታችበት። ቤቷ ስትመለስ ለባሏ ያለችው «ተጨማሪ ማርሽ ያስፈልገዋል» ነው።

«እና ማርሽ ይጨመር ያለችው ሴት ናት» አለችው ባለቤቴ፣ «የሴት መኪና የምትለኝ የቱን ነው?»

ደላላው ዋጋ ቀነሰ። በደላላ ታሪክ ውስጥ በቤርታ ቤንዝ ምክንያት ዋጋ የተቀነሰበት ሌላ ጊዜ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ ተመልሶ አይመጣም፤ ቪትዟ የእኛ ሆነች።

የመጀመሪያዋ አደጋ የደረሰችው በሙያ ብዛት ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለች ዘመዳችን ልጅ ክርስትና ታስነሳ ነበር። አማቴ ዶሮ ወጡን ሠርተው፣ ድስቱን በነጠላ ጠቅልለው፣ የኋላ ወንበር ላይ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ድፎ ዳቦው እኔ እጅ ላይ ነበርና መሪውን ማን ይያዝ ሲባል ጋሼ «አምጡት፤ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው» ብለው ገቡ። በእርግጥም ቀላል ነበር። ከመርካቶ ተነስተን ስድስት ኪሎ እስክንደርስ ድረስ ጋሼ በአንድ እጅ እየነዱ፣ በሌላው እጅ የአሰብን ጨዋታ እያስረዱ፣ «ይሄማ ያስተኛል» እያሉ ሄዱ።

አደባባዩ ጋ አንድ ሚኒባስ ድንገት ገባብን። የጋሼ አእምሮ ምንም አልተሳሳተም፤ ማርሽ ቀንሶ መቆጣጠር ነው የፈለገው። ግራ እግራቸው አርባ ዓመት የለመደውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ተነሳ። አውቶማቲክ መኪና ላይ በዚያ በኩል ፍሪሲዮን የለም፤ ያለው ሰፊው የፍሬን ፔዳል ነው። ፍሪሲዮን ደግሞ እስከ ወለሉ ይረገጣል፤ ፍሬን በዳበሳ ነው። ያ የተሳቢ ፍሪሲዮን ሲጫን የኖረ እግር በሙሉ ክብደቱ ፍሬኑ ላይ አረፈ።

ቪትዟ ባለችበት ተተከለች። ድፎው መስተዋቱን ሳመ። ዶሮ ወጡ ግን መንገዱን ቀጠለ።

አማቴ ድስቱን አለቀቁም፤ የለቀቃቸው ክዳኑ ነው። ወጡ የጋሼን አንገት፣ የወንበሩን ጀርባና ጣሪያውን አዳረሰ። ከአሥራ ሁለቱ እንቁላል አሥሩ ተገኝተው ለክርስትናው ቀረቡ፤ አንዱ ጠፋ ተባለ፤ አንዱን ከሳምንታት በኋላ ከወንበሩ ሥር በሽታው አገኘነው። ጋሼ በርበሬ በዓይናቸው ገብቶ እያለቀሱ «ለሰው ልጅ ሁለት እግር የተሰጠው ለምን ይመስልሃል? ግራውን ሥራ አስፈትቶ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ሙያ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቪትዟ ውስጥ አልገባም ብለው ማሉ። አማቴም በበኩላቸው ጋሼ የያዙት ነገር ላይ አልሳፈርም ብለው ማሉ። ሁለቱም መሐላቸውን ጠብቀዋል።

ነገሩን የምነግራችሁ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ ነው። አውቶማቲክ ላይ የሚያስፈራው ጀማሪ አይደለም። ጀማሪ የሚያሳስተው ልማድ የለውም። አዋቂውን ተጠንቀቁ፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ግራ እግሩን ከወንበሩ ሥር አጥፎ እንዲቀመጥበት ንገሩት።

የተገላቢጦሹን ያየነው የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ነው። ኑሮው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ፀጉሩ ሸብቷል። አሜሪካኖች አውቶማቲክን ማዘውተር የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ ጀነራል ሞተርስ በ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ሃይድራማቲክ የሚባለውን ካምቢዮ ካወጣ ወዲህ ግራ እግራቸውን አሳርፈዋል። ዛሬ እዚያ አገር ከሚሸጠው መቶ አዲስ መኪና ሁለቱ እንኳ ማኑዋል መሆናቸው ያጠራጥራል። «እኛ ጋ ማኑዋል መኪና የያዘ ሰው ሳይቆልፍ ቢያድርም አይሰረቅም» አለን የአክስቴ ልጅ፤ «ሌባው አስነስቶ መሄድ አይችልም።»

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለአገሩ ሌባ ሁሉ አዘኑ። ወዲያው የላዳቸውን ቁልፍ አውጥተው «ና፣ ላስተምርህ» አሉት። ከሰፈር ሜዳ ቢጀምሩ ምን ነበረበት? ጋሼ ግን ሰው ዋና የሚማረው ጥልቁ ላይ ነው ብለው የሚያምኑ ናቸውና ቀጥታ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወሰዱት። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ድልድዩን አልፈን ወደ ፒያሳ የሚያወጣው ዳገት ላይ መንገዱ ተዘጋና ቆምን። ሲከፈት የአክስቴ ልጅ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ለቀቀው፤ ላዳዋ ዘላ ጠፋች። ደግሞ አስነሳት፤ ደግሞ ጠፋች። በሦስተኛው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ጋሼ «ባላንስ ያዝ! ባላንስ!» እያሉ ዳሽቦርዱን ይደበድባሉ። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ረዳት ዘሎ ወርዶ ድንጋይ አንስቶ ለኋላ ጎማችን ታኮ አደረገልን። ከዚያ በመስኮት አጎንብሶ የዋሽንግተኑን ሹፌር ከላይ እስከ ታች አየውና «ፋዘር፣ ውረድና ላውጣልህ?» አለው።

ልጁ መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አልጠየቅንም። ገባ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ አንደኛ አስገባ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ እስከ እኩሌታው ለቀቀ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል፣ የላዳዋ አፍንጫ ትንሽ ብድግ ሲል የእጅ ፍሬኑን አወረደ፤ ላዳዋም አንዴም ሳትንገራገጭ ወደ ላይ ወጣች። ባላንስ ማለት ይኸው ነው። ጋሼ ለልጁ ከሰጡት ጉርሻ ይልቅ እኛን ያዩበት አስተያየት ይበልጥ ነበር።

መንገዱ ሳያስፈራ በነበረበት በዚያ ዘመን ደብረ ማርቆስ የሚጠየቁ ዘመዶች ነበሩን። ጋሼ ቪትዝ ውስጥ አልገባም እንዳሉ ቀሩ፤ ስለዚህ እኔና የአክስቴ ልጅ ብቻችንን ወጣን። ሱሉልታ፣ ፍቼ፣ ገብረ ጉራቻ፤ ሜዳ ነው፤ ቪትዟ ትዘፍናለች። የአክስቴ ልጅ ላዳ ላይ ያጣውን ክብር አስመለሰ።

ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ግን መሬቱ ያልቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ውስጥ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ተመልሶ ይወጣል። አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ብዙ ቦታ ላይ ተጨማድዷል። ከላይ ቆመው ሲያዩት ተሳቢዎቹ ታች ላይ ጉንዳን ያህላሉ። ላይ ለብርዱ የለበሱትን ልብስ ሥር ሲደርሱ አውልቀው ይጥሉታል።

የአክስቴ ልጅ ማርሹን ዲ ላይ እንዳደረገ ቁልቁለቱን ጀመረው። አውቶማቲክ ዲ ላይ ሲሆን ሥራው ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ማርሹን ከፍ ማድረግ ነው፤ ቁልቁለት መሆኑን እንዲህ ያለው የድሮ ካምቢዮ አያውቅም። ሞተሩ መኪናውን አይዝም፤ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ለእኔ መጀመሪያ የመጣልኝ ሽታው ነው። የተቃጠለ ጎማ ይመስላል፤ ግን ይመራል። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ «ፔዳሉ ለሰለሰብኝ» አለ። የፍሬን ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይታመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። በእጅ ፍሬንና በጸሎት አንድ ሰፋ ያለ መታጠፊያ ላይ ቆምን። የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ዝንጀሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

የአክስቴ ልጅ የሃይላንድ ውሃ ይዞ ወደ ጎማው ሲሮጥ ከላይ የሚመጣ ባለ ተሳቢ ሹፌር በመስኮት ጮኸበት። «ተው! ዲስኩ ይሰነጠቃል!» አቁሞ ወረደ። ጋሼን የሚያህል ሰው ነው፤ እሱም ግራ እግሩን ያነክሳል።

«በየትኛው ማርሽ ነው የምትወርዱት?»

«በዲ» አልነው።

«ዲ የሜዳ ናት» አለን። ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ በማርሹ ሥር ያሉትን ሁለት ምልክቶች በጣቱ አሳየን፤ 2 እና ኤል። መኪናዋን ስንገዛ ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ ደላላውም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን። «ይቺን ዳገት ብትወጣት በስንት ነበር የምትወጣት? በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ይያዝህ፤ ፍሬን ለመታጠፊያ ብቻ።» ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ አብሮን ቆየና ሄደ። ከዚያ ወዲያ እስከ ድልድዩ ድረስ በኤል ወረድን፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍሬኑ ያርፋል። ስለ አውቶማቲክ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚበልጠው ይህ የማላውቀው ሰው ምክር ነው፤ የተሰጠኝም በማኑዋል ሹፌር ነው።

ስንመለስ መሽቶብን ጎሐ ጽዮን አደርን። ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና መብራት ባለቤቱ ቢረሳውም ራሱን ያጠፋል መሰለኝ፤ የአክስቴ ልጅ የፊቱን መብራት እንዳበራ ተኛ። ጠዋት ቁልፉን ስናዞር ሞተሪኖው አንድ ጊዜ «ጥ» ብሎ ዝም አለ።

ባትሪ የሞተበት መኪና አገራችን ውስጥ ብቻውን አይቆምም። ቁርሱን የተወ፣ ትምህርት ቤት የረፈደበት፣ ሁሉም መጣ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ቪትዟ አልተነቃነቀችም። ፒ ላይ ናት፤ ፒ ደግሞ ካምቢዮውን በብረት ይቆልፋል፤ ኤሌክትሪክ ከሌለ ማርሹ ከፒ አይወጣም። በመጨረሻ አንድ ሕፃን ማርሹ አጠገብ ጥፍር የምታህል ክዳን አይቶ በቁልፍ ጫፍ ከፍቶ ጫናት፤ ማርሹ ተለቀቀ። ጭብጨባ ሆነ። አሁን መኪናዋ ሄደች፤ ሕዝቡም እስከ አስፋልቱ ጫፍ ገፍቶ፣ አዙሮ፣ ደግሞ ገፋ። «ዲ አስገባ!» ይላል አንዱ፤ «ሁለተኛ ላይ ልቀቅ!» ይላል ሌላው።

ቢገፉ እስከ ባሕር ዳር ይገፏት ነበር፤ አትነሳም። ማኑዋል ላይ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ጎማውና ሞተሩ በብረት ስለሚያያዙ የጎማው መዞር ሞተሩን ያዞረዋል። አውቶማቲክ ላይ ጎማውንና ሞተሩን የሚያገናኘው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ይህን ስታስረዳ ላብ ያጠመቀው ወጣት የሚመልስልህ «ታዲያ ምኑን አውቶማቲክ ሆነ?» ብሎ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ የሻይ ሰጠሁት።

ሚኒባሶቹ በሌሊት ወጥተዋል። የባትሪ ገመድ ያለው ሰው ጠፋ። አንድ አይሱዙ አገኘን፤ ሹፌሩ ግን «የእኔ 24 ቮልት ነው፣ ኮምፒውተሯን ያቃጥልባችኋል» ብሎ ባትሪውን ከለከለን። የገመድ ችግር ግን አልነበረበትም፤ እስከ ፍቼ ልጎትታችሁ አለ። አሰረን።

70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አይሱዙው የቸኮለበት ነገር ነበረው። የቪትዟ ሞተር ስለማይሠራ መሪው ድንጋይ ሆነ፤ ፍሬኑም አጋዥ አጥቶ በሁለት እግር ቆመው የሚረግጡት ሆነ። የአክስቴ ልጅ ግራ እግር ከላዳዋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘች። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ቃል አልተናገረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገብረ ጉራቻን ስናልፍ፣ «እናቴ ይሄን እንዳትሰማ» አለ። ከእኛ ሥር ደግሞ የማናየው ነገር እየሆነ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ሲዞሩ የካምቢዮውን ሆድ ያዞሩታል፤ ፓምፑ ግን ቆሟል፤ ዘይት አይደርሰውም። በዝግታ ለአጭር መንገድ ቢሆን ባልከፋ። እንደኛ በሩጫ ሲሆን ብረት ብረትን እየበላ ነው የሚሄደው።

ፍቼ ባትሪው ተሞላ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ዲ አስገባን፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ቪትዟ ቆማ አዳመጠችው።

በሌላ አይሱዙ ጀርባ ተጭና አዲስ አበባ ገባች። መካኒኩ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዞ በወረቀት ጠረገና አሳየኝ። ጤነኛው ቀይ ነው፤ የእኛ ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ይሸታል። «ሁለት መንገድ አለ» አለኝ። አንደኛው ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ አውቶማቲክ ካምቢዮ መግዛት ነው፤ ከየት መኪና እንደወለቀ፣ ምን ያህል እንደሄደ የሚያውቅ የለም፤ ተገጥሞ ካልታየ ደኅንነቱ አይታወቅም፣ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም። «የድሮውን ፈትቼ ልጠግነውም እችላለሁ» አለ፣ «ግን ሲገጠም ዕቃ ቢተርፈኝ እንዳትቆጣ።» ሁለተኛው መንገድ ማኑዋል ማድረግ ነበር። የማኑዋል ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሦስተኛ ፔዳል። ይህንንማ የማይፈታና የማይገጥም መካኒክ ከሰፈራችን አይጠፋም፤ ዕቃውም በየሱቁ ይሰቀላል።

ማኑዋልና አውቶማቲክ የሚባለው ታላቅ ክርክር እኔ ቤት የተፈታው እንዲህ ነው። ያመዛዘንኩት ነገር የለም፤ ዋጋውን አየሁና ማኑዋል ሆነች። ጋሼ ሲሰሙ እንደ ሰርግ ነው ደስ ያላቸው። ባለቤቴ መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው በላዳ ነበርና ቁልፉን ተቀብላኝ ራስ መኮንን ዳገት ላይ ባላንስ ይዛ አሳየችኝ፤ ቁልፉ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰልኝም። እኔ የሚደርሰኝ ከቦሌ እስከ መገናኛ መንገድ የተዘጋ ቀን ብቻ ነው፤ ያኔ አንድ ሜትር እየሄዱ አንድ ፍሪሲዮን ሲረግጡ ማምሸት ነው። ግራ ጉልበቴ መንቋቋት ጀምራለች። ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ይህ ሁሉ ክርክር ደግሞ ጊዜው እያለፈበት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ብሎ አሳወቀ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት አለው፤ ብዙ ሺህ ዙርም ይችላል፤ ስለዚህ አብዛኞቹ አንድ ቋሚ ማርሽ ይበቃቸዋል። የስስ አየር ጉዳይም አይመለከተውም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን ይዞ ባትሪውን ይሞላል፤ የአባይ በረሃ ለእሱ ማደያ ነው። ጎረቤታችን ቢዋይዲ ገዝቶ ጋሼን ሲያሳፍራቸው ወለሉን፣ ዳሽቦርዱን፣ የወንበሩን ሥር ሁሉ ዳበሱ።

«ማርሹ የት አለ?»

«የለውም ጋሼ።»

«ፍሪሲዮኑስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ሾፌሩ ምን ይሠራል?»

«ይከፍላል» አላቸው ጎረቤታችን።

የኤሌክትሪኩ ዋጋ የማይደፈርለት፣ እንደ እኔ ካገለገሉት መካከል የሚመርጥ አንባቢ ግን ገና ብዙ ነው። ለእሱ ፍርዴን ልስጠው። ውሎህ ከተማ ውስጥ ከሆነ አውቶማቲክ ግዛ፤ ስለ ሾፌርነትህ የሚነገርህን ችላ በለው፣ ጉልበትህን የሚተካልህ የለም። ውሎህ ገጠር ከሆነ፣ መካኒክ ከሚርቅበት፣ ማኑዋል ግዛ። አውቶማቲክ ከመረጥክ ከመክፈልህ በፊት የካምቢዮውን ዘይት መዘህ እየው፣ አሽትተው፤ ከጠቆረ ደላላው የፈለገውን ይበል ተወው። በዚያው ቀን የባትሪ ገመድ ግዛ፤ የመጎተቻውን ገመድ ለማኑዋል ሰዎች ተውላቸው። ቁልቁለት ላይ 2 እና ኤልን አትርሳ።

ቪትዟን መግዛት የሚፈልግ ካለም ባለቤቴን ያነጋግር። እኔ ሥልጣን የለኝም።